ከቤት አልወጣም ያለ ወጣት ፈረስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፈረስ የሚገሩ ሰዎች ከሚያመጡልኝ ጥያቄ ሁሉ ይህን ያህል የሚደጋገም የለም። ግቢ ውስጥ እንደ በግ ገራም የነበረው ወጣት ፈረስ ከበሩ ወጥቶ ጥቂት እርምጃ እንደሄደ አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። በተረከዝ ቢኮለኩሉት፣ ዛቡን (የልጓሙን ገመድ) ቢያላሉለት፣ ቢያባብሉት ንቅንቅ አይልም፤ ከዚያም ወይ ወደ ኋላው ይሸሻል ወይ ዞሮ ወደ ቤቱ ያቀናል። መልሶቹን የጻፍኩት ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለውን፣ ኮርቻና ልጓም የለመደ ነገር ግን ዓለምን ገና ያላየ ፈረስ እያሰብኩ ነው።

ግቢ ውስጥ የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል። ከበሩ ሲወጣ ግን ለምን እንቢ ይላል?

ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። ቀንድም ስል ጥፍርም የለውም፤ አዳኝ ሲመጣበት መድኃኒቱ እግሩ ነው። በመንጋ ውስጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተጋድመው አይተኙም፤ አንዱ ሲያሸልብ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ብቻውን የቀረ ፈረስ ማለት የሚጠብቅለት ዓይን ያጣ ፈረስ ማለት ነው። እኛ ለሽርሽር እንወጣለን፤ እርሱ ዘበኞቹን ጥሎ ይወጣል።

የዓይኑ አሠራርም ነገሩን ያከብደዋል። ፈረስ ከ360 ዲግሪ ዙሪያው ውስጥ 350 ያህሉን ያያል፤ የሚሰወርበት ከጭራው በስተኋላና ከግንባሩ ፊት ለፊት ያለው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። በማያውቀው መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ቅጠል፣ የሚውለበለብ ጨርቅ፣ ከአጥር ሥር የሚሾልክ ድመት ሁሉም በአንድ ጊዜ ዓይኑ ውስጥ ይገባሉ። ከደማቅ ፀሐይ ወደ ጥላ ሲገባ ደግሞ ዓይኑ ጨለማውን ለመልመድ ከሰው ዓይን ይዘገያል። ለእኛ የዛፍ ጥላ የሆነው ነገር ለእርሱ ጉድጓድ ሊመስለው ይችላል።

ሌላው ምክንያት እኛው ያስተማርነው ነው። በመጀመሪያው ቀን ፈርቶ ይቆማል። ጋላቢው ይታገለዋል፣ ይደክመዋል፣ በመጨረሻ «ዛሬስ ይብቃ» ብሎ ወደ ቤት ያዞረዋል። ፈረሱ ከዚያ ቀን የሚይዘው ትምህርት አንድ ነው፦ እግሬን ተክዬ ከቆምኩ ወደ ቤት እመለሳለሁ። ይህ ጥቂት ጊዜ ከተደገመ የሚያስፈራው ነገር ባይኖርም መቆሙን ይቀጥላል።

ሰዎች ልግመኛ ነው ይሉኛል። እውነት ለግሞ ነው?

ቃሉን አልወደውም። ልግም ማለት አቅም እያለ እንደሌለ መምሰል፣ ሥራን ለማምለጥ ማታለል ነው። ፈረስ እንዲህ ያለ ተንኮል አያሰላም። በዚህ ቃል ላይ የምከራከረው ስም ለማሳመር አይደለም፤ የምንሰጠው ስም እጃችንን ስለሚመራው ነው። «ለገመ» ያለ ሰው ጅራፍ ይፈልጋል፤ «ፈራ» ያለ ሰው ደግሞ የፈራውን ነገር ይፈልጋል።

በፍርሃት የቆመውንና በልማድ የቆመውን መለየት ግን ይጠቅማል። የፈራው አንገቱን ያቀናል፣ ጡንቻው ይደርቃል፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ይሰፋል፣ ሁለቱ ጆሮዎቹ አንድ ነገር ላይ ይተከላሉ። በጉልበትዎ መካከል የልቡ ምት ሲደልቅ ሊሰማዎት ይችላል። ከልማድ የቆመው በየቀኑ ያው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፤ ሰውነቱ ልል ነው፣ አንድ ጆሮውን ወደ እርስዎ ያዞርና ምን እንደሚያደርጉ ይጠብቃል። ለመጀመሪያው ጊዜ ይሰጡታል፤ ለሁለተኛው ደግሞ በጸጥታ ሆነው የማያሻማ ጥያቄ ያቀርቡለታል። ብዙውን ጊዜ ግን ሁለቱም አንድ ፈረስ ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚገኙ ጥርጣሬ ሲገባዎት ፈርቶ ነው ብለው ይጀምሩ። በዚህ የተሳሳተ ሰው የሚያጣው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሕመም እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?

ከሥልጠናው ሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው። ፈረስ ሕመሙን ይደብቃል፤ ግቢ ውስጥ ለ10 ደቂቃ የቻለው ሕመም ዳገት ወይም ድንጋያማ መንገድ ላይ ሲደርስ አልቻል ይለዋል። እኛም ከቤት መውጣት የጠላ ይመስለናል።

ከአፉ ይጀምሩ። ወጣት ፈረስ ከ2 ዓመት ተኩል አንስቶ እስከ 4 ዓመት ተኩል ገደማ ባለው ጊዜ 24 የወተት ጥርሶቹን ይቀይራል፤ ይህ እኛ መንገድ ማስለመድ ከምንጀምርበት ዕድሜ ጋር ይገጥማል። ድዱ ባበጠ ሰሞን የልጓሙ ብረት ጭንቅ ይሆንበታል። ከመንጋጋ ጥርሶቹ ፊት የምትበቅለው ትንሽ ጥርስም ብረቱ በነካት ቁጥር ልታሳምመው ትችላለች።

ቀጥሎ ጀርባው አለ። የጀርባ አጥንቱ እድገት እስከ 5 ወይም 6 ዓመቱ ድረስ ይቀጥላል፤ ቅርጹም በየጊዜው ይለወጣል። ባለፈው ዓመት ልክ የነበረው ኮርቻ ዘንድሮ ትከሻውን ሊቆነጥጠው ይችላል። ግልቢያ እንዳበቃ ኮርቻውን አንሥተው ላቡን ይመልከቱ፤ ዙሪያው ረጥቦ መሐሉ ላይ ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ኮርቻው እዚያ ላይ ሳይጫነው አይቀርም። በጣቶችዎ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ጫን እያደረጉ ይሂዱ፤ ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ወይም ጀርባውን ዝቅ አድርጎ ከሸሸ ነግሮዎታል። ክብደትም አለ፤ ጋላቢውና ኮርቻው አንድ ላይ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳያልፉ ብዙ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ለወጣት ፈረስ ከዚያም ቢያንስ ይሻላል።

ሰኮናውን ለመፈተን ለስላሳ አፈር ላይና ጠጠር ላይ አረማመዱን ያወዳድሩ። አፈሩ ላይ ዘና ብሎ ሄዶ ጠጠሩ ላይ የሚሰንፍ ፈረስ የጠላው ከግቢ መውጣቱን ሳይሆን የእግሩን ሥር ነው። ሆዱንም አይርሱ፤ የፈረስ ጨጓራ ቢበላም ባይበላም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። ረጅም ሰዓት ባዶ ሆኖ የሚውል ጨጓራ ይቆስላል። የኮርቻው ማሰሪያ ሲጠብቅ ለመንከስ የሚዞር፣ መኖ የሚተው፣ የሚከሳ ፈረስ ካለዎት ሐኪም ይጥሩ።

ይህን ያህል ያረዘምኩት ስለሚቆጨኝ ነው። አንዲት የ4 ዓመት ባዝራ ነበረችኝ፤ ከበሩ በወጣች ቁጥር ትቆም ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ትለምዳለች» እያልኩ ታገልኳት። በአራተኛው ሳምንት አፏን ያየላት ሐኪም ከልጓሙ ብረት ሥር ተሰብሮ የቀረ የወተት ጥርስ አወጣላት። በሳምንቱ መንገዱን ይዛ ሄደች። ሦስት ሳምንት ስትነግረኝ የነበረውን አልሰማኋትም ነበር።

ሊቆም መሆኑን አስቀድሜ መረዳት እችላለሁ?

ይችላሉ። ማንም ፈረስ በድንገት አይቆምም፤ እኛ ነን በድንገት የምናስተውለው። መጀመሪያ እርምጃው ያጥራል። ከዚያ አንገቱ ይቀናል፣ ዛቡ እጅዎ ላይ ይከብዳል፣ ጆሮው ወደ ቤቱ ይዞራል፣ ደረቱ ወደ አንድ ጎን ማጋደል ይጀምራል። በመጨረሻ ይቆማል። እርምጃው ማጠር በጀመረበት ቅጽበት ጥቂት ቢያግዙት ወይም በራስዎ ፈቃድ ቢያቆሙት፣ እግሩን ተክሎ ከቆመ በኋላ ከሚደረግ ትግል ሁሉ ይበልጣል። እርስዎ ካቆሙት መቆሙ መታዘዝ ይሆናል።

በቆመበት ሰዓት ምን ላድርግ?

መጀመሪያ አይቸኩሉ። የያዙትን ትንፋሽ ይልቀቁ፣ ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ፊቱን ወደፈለጉት አቅጣጫ ይዘው ይቁሙ። የሚከለከለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቤት መዞር። ከዚያ በቀር ይቁም፣ ይይ፣ ያሽትት። ብዙ ፈረሶች ያስፈራቸውን ነገር ሦስት አራት ደቂቃ ካዩ በኋላ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። እርምጃ የሚጠየቀው ያን ጊዜ ነው።

አጠያየቁ ይህን ይመስላል። በእግርዎ ቀለል አድርገው ይጫኑት፤ ካልተንቀሳቀሰ ግፊቱን ሳያቋርጡ ጥቂት ይጨምሩ፤ አንዲት እግር እንኳ ወደፊት ካነሣ፣ ሰውነቱን ብቻ እንኳ ወደፊት ዘንበል ካደረገ በዚያው ቅጽበት ይልቀቁት። ፈረስ የሚማረው ከግፊቱ ሳይሆን ግፊቱ ከቆመበት ቅጽበት ነው። ቆዳው ላይ ያረፈች ዝንብ የሚሰማው እንስሳ የተረከዝ ምት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው «አዎ፣ ያ ነው የፈለግሁት» የሚል ፈጣን መልስ ነው። በዘገየን ቁጥር የምናመሰግነው ሌላ ነገር ይሆናል፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ እግራችንን ካላላን ወደ ኋላ መሸሽን አስተማርነው ማለት ነው።

እግሩ እንደ ችካል ከተተከለ ወደፊት መግፋቱን ይተዉና ወደ ጎን ይጠይቁት። አንዱን ዛብ ሰፋ አድርገው ከፍተው ራሱን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ያምጡት። ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል የፊት እግሩን ማንሣት ግድ ይሆንበታል፤ የተነሣው እግር ደግሞ ወደፊት ለመሄድ ይቀለዋል። መዞሩ ከቤቱ በተቃራኒ ይጀምር፤ ወደ ቤቱ ባለው ጎን ከጀመሩ ግን ዙሩን ሳይጨርስ ይዞዎት ይሄዳል።

ሁለት እርምጃ ከሄደ ደግሞ ያቁሙት። አንገቱን ይደባብሱት፣ ያሳርፉት፣ ከዚያ እንደገና ሁለት እርምጃ። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ሰዓት ፈጅቼ 50 ሜትር ያልሞላ ርቀት የሄድኩበት ቀን አለ፤ በማግስቱ ያው 50 ሜትር በሁለት ደቂቃ አለቀ።

ጅራፍ ልጠቀም?

ለመምታት አይደለም። የፈራውን ፈረስ ፍርሃቱ ላይ ሳለ ሲመቱት ስጋቱን ያረጋግጡለታል፤ ያ ቦታ በእርግጥም የሚያሳምም ቦታ ይሆንበታል። ነገ እዚያ ከመድረሱ በፊት መፍራት ይጀምራል፤ ከላዩ የተቀመጠውንም ሰው አብሮ ይፈራል። ቀጭን አለንጋ ይዞ የእግርን ምልክት ለማስረዳት ከእግር ኋላ በቀስታ መነካካት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ግቢ ውስጥ ካስተማሩት ውጭም ይረዳዎታል።

ወርጄ ብመራው አሸነፈኝ ማለት አይደለም ወይ?

አይደለም። ማሸነፍና መሸነፍ የእኛ ሒሳብ ነው። ፈረሱ የሚይዘው ከወረዱ በኋላ የት እንደሄዳችሁ ነው። ወርደው ወደፊት ከመሩት መንገዱ ወደፊት እንደሆነ ይማራል። ወርደው ወደ ቤት ከመሩት ደግሞ የወረዱት ለዚያ እንደሆነ ይማራል። ለብዙ ወጣት ፈረሶች ከፊታቸው የሚሄድ ሰው ከላያቸው ከተቀመጠ ሰው ይልቅ ያጽናናቸዋል፤ እናቱንም እየተከተለ ነው ያደገው። አስፈሪውን ቦታ በእግር ካለፉ በኋላ መልሰው ይፈናጠጡና ጥቂት ይሂዱ። ለዚህም ሲባል ከየትም ቦታ ላይ መውረድና መፈናጠጥን፣ በተፈናጠጡበት ጊዜም ጸጥ ብሎ መቆምን ግቢ ውስጥ አስቀድመው ያስለምዱት።

ሲመሩት ገመዱን እጅዎ ላይ አይጠምጥሙ። ደንብሮ ቢሮጥ ይጎትትዎታል። የራስ ቁር ማድረግ በፈረስ ላይ ላለ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለሚመራውም ነው።

እንግዲያስ ከየት ልጀምር?

ከመሬት፤ ያለ ኮርቻ። ፈረሱን በገመድ ይዘው ለመንሸራሸር ብቻ ይውጡ። ከበሩ ወጥተው ሲሄዱ ሰውነቱ የሚለወጥበት መስመር አለ፤ አንገቱ የሚቀናበት፣ እርምጃው የሚያጥርበት። ያችን መስመር ይወቁዋት። የሥልጠናው ሁሉ ቁም ነገር እርሷ ላይ ነው። ወደ መስመሯ ደርሰው፣ እዚያ ቆመው፣ እስኪረጋጋ ጠብቀው፣ መመለስ ሳይጠይቅዎት እርስዎ ራስዎ ይመልሱት። በማግስቱ ጥቂት እርምጃ ይጨምሩ። መስመሯ ወደፊት የምትሄደው እየገፏት አይደለም፤ ፈረሱ እዚያ ሰላም ባገኘ መጠን ራሷ ትሸሻለች።

ሰላሙን ደግሞ ሆን ብለው ያዘጋጁለት። ከቤት ርቆ ሣር ይጋጥ። ከጋማው ሥር፣ ትከሻው ላይ ከፍ ያለውን ቦታ ይከኩለት፤ ፈረሶች እርስ በእርሳቸው የሚተካከኩት እዚያ ነው፤ እዚያ ሲታከክም የልቡ ምት ይቀንሳል። ሥራውን ግን ግቢ ውስጥ ያድርጉት። ዙሩ፣ መቆሙ፣ ሶምሶማው በቤቱ ይሁን፤ ዕረፍቱና ግጦሹ ውጭ ይሁን። እኛ ብዙ ጊዜ በግልባጩ እናደርገዋለን፤ ውጭ ስናለፋው እንውልና እንደገባ ኮርቻ አውርደን መኖ እንሰጠዋለን። ከዚያ በኋላ ቤቱን ለምን ወደደ ብለን መገረም አንችልም።

በእጅ መሪነት መንገዱን ከለመደ በኋላ በሁለት ረጅም ገመዶች ከኋላው እየሄዱ ያስኪዱት። ይህ በመምራትና በመጋለብ መካከል ያለ ድልድይ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሰው ሳይኖር ብቻውን ቀድሞ መሄድን ይማራል፤ እርስዎም መሬት ላይ ስለሆኑ ቢደነብር አይወድቁም። ገመዶቹ እግርዎ ሥር እንዳይተበተቡ ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ይህን ሠርተው የማያውቁ ከሆነም የሚያውቅ ሰው አጠገብዎ ይኑር። ቀጥሎ ኮርቻ ይጫኑና ያንኑ መንገድ ይጋልቡት።

መንገዱ ክብ ቢሆን ይመረጣል። በሄዱበት የሚመለሱ ከሆነ የሚዞሩበት ቦታ ይኖራል፤ ፈረስ ያን ቦታ ፈጥኖ ይይዘዋል፤ ከዚያም ከእርስዎ ቀድሞ መዞር ይጀምራል። ክብ መንገድ ከሌለ የሚዞሩበትን ቦታ በየቀኑ ይቀያይሩት፤ ከዞሩ በኋላም ጥቂት ሄደው እንደገና ወደ ውጭ ይመልሱት።

ከሌላ ፈረስ ጋር ይሄዳል፤ ብቻውን ግን አይሄድም። ጓደኛ ይዞ መውጣቱ ያበላሸዋል?

አያበላሸውም፤ ጓደኛው የተረጋጋና በመንገድ የቆየ ፈረስ ከሆነ ከማንኛችንም የተሻለ አስተማሪ ነው። ደንባራ ጓደኛ ግን ከብቸኝነት ይከፋል፤ ወጣቱ ፈረስ የሚማረው መደንበርን ይሆናል።

ጉዳቱ የሚመጣው ወጣቱ ፈረስ ሁልጊዜ ከኋላ ተከታይ ሆኖ ሲቀር ነው። መጀመሪያ ይከተል፤ ሲለምድ ጎን ለጎን ይሂድ፤ ከዚያ አንገቱን ብቻ ይቅደም፤ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ቀድሞ ይመለስ። ሰፊ ቦታ ላይ ሁለቱ ተለያይተው የየራሳቸውን ክብ ይሂዱና ይገናኙ። ክቡ በየቀኑ ይስፋ። አንድ ቀን ጓደኛው በር ላይ ቆሞ ይቅርና ወጣቱ ብቻውን 20 እርምጃ ሄዶ ይመለስ። እየተለያዩ መገናኘት መኖሩን ሲያውቅ መለያየቱ መጥፎ ዜና መሆኑ ያበቃል። ለአንድ ሳምንት ያሽካካ ይሆናል፤ አይቆጡት።

በኋላ እግሮቹ እየቆመ ያስፈራኛል።

ሊያስፈራዎት ይገባል፤ በዚህ ጥያቄ ላይ አላባብልም። ፈረስ ወደ ኋላ ተገልብጦ ጋላቢው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሲነሣ ሰውነትዎን ወደፊት ወደ አንገቱ ያስጠጉ፣ እጅዎን ወደፊት ሰጥተው ዛቡን ያላሉ፣ ጋማውን ይያዙ። ዛቡን አይሳቡ፤ ሚዛኑን የሚያስተው እርሱ ነው። እግሩ መሬት እንደነካ ወደ የትኛውም አቅጣጫ ያንቀሳቅሱት፤ የሚንቀሳቀስ ፈረስ በኋላ እግሩ መቆም ይከብደዋል።

መነሻው ብዙ ጊዜ የእኛ ግራ መጋባት ነው። በተረከዛችን «ሂድ» እያልን በእጃችን ዛቡን አጥብቀን እንይዛለን። ወደፊት ስንዘጋበት፣ ወደ ኋላ ስንዘጋበት፣ የቀረለት በር ወደ ላይ ብቻ ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ ከተነሣ ግን መጋለቡን ያቁሙ፤ መጀመሪያ ለሐኪም፣ ቀጥሎ እንዲህ ያለውን ፈረስ በትዕግሥት ለሚያሠለጥን ባለሙያ ያሳዩት። ይህ በብቻ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ስንወጣ እየጎተትኩት፣ ስንመለስ ግን አልያዝ ይለኛል። ለምን?

አንድ ችግር ነው፤ ሁለት ፊት አለው። ወደ ቤት ሲመለሱ ሽምጥ አይጋልቡ። የመጨረሻውን መንገድ ሁልጊዜ በእርምጃ ይሂዱ፤ ፍጥነት ከጨመረ ያዙሩትና ከቤት በተቃራኒ ጥቂት አስኪደው ይመልሱት። በሩ ጋር ሲደርሱ አንዳንድ ቀን አልፈው ይሂዱ። ከገቡም በኋላ ኮርቻውን ወዲያው አያውርዱ፤ ይቁም፣ ይቀዝቅዝ።

መኖ ወይም አያያዝ ሊያባብሰው ይችላል?

በሚገባ። ቀኑን ሙሉ ጋጣ ውስጥ ቆሞ እህል የሚበላ ወጣት ፈረስ ሲወጣ የሚፈነዳ ጉልበት ይዞ ነው የሚወጣው። ሥራው ጥቂት ከሆነ እህሉን ይቀንሱ፣ ድርቆሹንና ሣሩን ያብዙ፣ ከሌሎች ፈረሶች ጋር ሜዳ ላይ ይዋል። ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ድርቆሽ መስጠትም ይጠቅማል፤ ባዶ ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ በእንቅስቃሴ ወደ ላይ እንዳይረጭ ድርቆሹ ያግዳል።

ፈረሱ ብቻ ሳይሆን እኔም ፈርቻለሁ። ይሰማዋል?

ይሰማዋል። ስዊድን ውስጥ በ2009 በታተመ ጥናት ፈረስ የሚመሩና የሚጋልቡ ሰዎች በሚያልፉበት ቦታ ላይ ጃንጥላ እንደሚከፈት ተነገራቸው። ጃንጥላው ጨርሶ አልተከፈተም። ነገር ግን የሰዎቹ የልብ ምት ጨመረ፤ ስለ ጃንጥላው ምንም የማያውቁት ፈረሶች ልብም አብሮ ጨመረ። ከዚያም በፊት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሒሳብ ያሰላል የተባለ ሐንስ የሚባል ፈረስ ነበር፤ መልሱን በሰኮናው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፉንግስት የተባለ ተመራማሪ በ1907 እንዳሳየው ፈረሱ ቁጥር አያውቅም ነበር፤ ትክክለኛው መልስ ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያደርጋትን ኢምንት የራስ ንቅናቄ አይቶ ነበር የሚያቆመው።

እንዲህ ከሚያነብብዎት እንስሳ ፍርሃትን መደበቅ አይቻልም፤ ስለዚህ አይደብቁት፣ ይቀንሱት። የማይፈሩበት ርቀት ድረስ ብቻ ይሂዱ፤ እርስዎም የራስዎ መስመር አለዎት። በአፍዎ ዘፈን ያንጎራጉሩ፤ የሚያንጎራጉር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። አስፈሪውን ነገር አፍጥጠው አይዩት፤ ዓይንዎ ከእርሱ አልፎ መንገዱ ላይ ይሁን። ፍርሃቱ ካልለቀቀዎት ልምድ ያለው ጋላቢ ጥቂት ሳምንት እንዲያስለምደው ማድረግ አያሳፍርም።

ሲያድግ በራሱ አይተወውም?

አይተወውም። ዕድሜ ሳይሆን ልምድ ነው የሚለውጠው። ዛሬ በ4 ዓመቱ የተማረውን ልማድ በ10 ዓመቱም ያደርገዋል፤ ልዩነቱ ያኔ የበለጠ ጉልበት መኖሩ ነው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ፈርቶ ብቻ የሚቆም ፈረስ በሳምንት አራት አምስት ቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከተሠራበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ልማዱ የቆየ ከሆነ ወራት ሊወስድ ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከማልፋት በየቀኑ 15 ደቂቃ እጅግ ይሻላል። ከጨለመብዎት፣ ከተናደዱ ወይም ቀጠሮ ካለብዎት ግን ያን ቀን አይውጡ። ሰዓት የሚጠብቀው ሰው እስኪረጋጋ መጠበቅ አይችልምና።

መሻሻሉን በምን አውቃለሁ?

በርቀት አይለኩት። ከትናንት አንድ ኪሎ ሜትር የበለጠ ሄዶ ሙሉ መንገዱን ጡንቻው እንደደረቀ ከተመለሰ ወደ ኋላ ሄዷል። የሚለካው ከደነገጠ በኋላ ለመረጋጋት በሚወስድበት ጊዜ ነው፤ ትናንት አምስት ደቂቃ የፈጀው ዛሬ ሁለት ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ላይ ናችሁ። ይህን መጻፍ ይረዳል፤ በየቀኑ የት እንደቆመና ምን ያህል እንደቆየ በደብተር ይያዙ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያነቡት ዓይንዎ ያላየውን ያያሉ።

መጥፎ ቀንም ይመጣል። ነፋስ በበዛበት ቀን፣ ጓደኛው በታመመበት ሰሞን፣ ወይም ያለ ምንም ምክንያት ከበሩ ፊት እንደገና ይቆማል። ያን ቀን ከሳምንት በፊት ወደነበሩበት መስመር ይመለሱና ከዚያ ይጀምሩ። እንዲህ እየሄዱ አንድ ቀን የሚያስፈራው ነገር ጋር ደርሶ በራሱ ይቆማል፣ ያያል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ እርስዎ እግርዎን ሳያንቀሳቅሱም ይራመዳል። ያን ቀን ርቀቱን አይጨምሩበት። እዚያው ይውረዱ፣ ኮርቻውን ያላሉለት፣ ሣሩን ይጋጥ።